«ቀነሰ» ስለሚባለው ቃል፤ የእንግሊዝኛ የማነስና የማፈግፈግ ቃላት ወደ ዐማርኛ ሲመለሱ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ አንድ ነገር ማነሱን፥ መጉደሉን ወይም ወደ ኋላ ማለቱን የሚናገርባቸው ብዙ ቃላት አሉት፤ «ሽሪንክ»፥ «ድዊንድል»፥ «ዲክላይን»፥ «ዲክሪስ»፥ «ሪሲድ»፥ «ሪትሪት»፥ «ዊዝድሮው»፥ «ዌን»፥ «አቤይት»፥ «ሰብሳይድ» የሚባሉት ሁሉ ማንም የኮሌጅ ተማሪ በአንድ ሳምንት ንባብ ውስጥ የሚያገኛቸው ናቸው። እነዚህ ቃላት ወደ ዐማርኛ ሲመለሱ ግን በየትምህርት ቤቱ እየተባዙ በሚታደሉት የቃላት ዝርዝሮች፥ በትርጉም ሥራዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርቶች ዘንድ አንድ ፍቺ ብቻ ያላቸው ይመስላል። ፍቺውም «ቀነሰ» ነው። ጨረቃም ቀነሰች ይባላል፥ ዝናብም ቀነሰ፥ ሠራተኛም ቀነሰ፥ ሐይቅም ቀነሰ።

ይህን ልማድ የምንነቅፈው የቃላት ብዛት ለጌጥ ይሁን ብለን አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ይኸውም አንድ ነገር ሲያንስ በራሱ አነሰ ወይስ ያሳነሰው አለ? ተመልሶ ይሞላል ወይስ ሄዶ ይቀራል? ያነሰው ቁመቱ ነው፥ ስፋቱ ነው፥ ኃይሉ ነው ወይስ ክብሩ? የሚሉት ነገሮች በግሡ ውስጥ ተጠቅልለው የሚገኙ ስለ ሆነ፥ ግሡን ያጠፋ ተርጓሚ ነገሩንም አብሮ ያጠፋዋል ማለታችን ነው። ለምስክርነትም ከጣና ዳርቻና ከዱርቤቴ አገር የምናመጣው ነገር አለን።

አስቀድመን ስለ እንግሊዝኛዎቹ ጥቂት እንናገር። አንዳንዶቹ ከጥንቱ የአንግሎ ሳክሶን ቋንቋ የመጡ ሲሆኑ የሰውነትና የእርሻ ሽታ አላቸው። «ሽሪንክ» በመጀመሪያው መድረቅንና መጠውለግን የሚያሳይ ቃል ነበረ። «ድዊንድል» መክሳትንና መመንመንን ከሚያመለክተው «ድዋይን» ከተባለ አሮጌ ግሥ ተወለደ። «ዌን» የጨረቃን መጉደል የሚነግር ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከላቲን፥ በቀጥታም ሆነ በፈረንሳይኛ በኩል፥ የገቡ ናቸው። «ሪሲድ» ማለት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ «ሪትሪት» ወደ ኋላ መሳብን፥ «ዲክላይን» ማዘንበልን፥ «ሰብሳይድ» ወደ ታች መቀመጥን፥ «አቤይት» ደብድቦ ማውረድን በሥራቸው ይዘዋል። እንግሊዛዊው ሲናገር ይህን ሁሉ አያስበውም፤ እኛም ውሃ ስንቀዳ ስለ ግሥ ሥር አናስብም። ነገር ግን ጎርፍ «ሰብሳይድ» አደረገ ብሎ ሲጽፍ፥ ድርሻው «ዲክሪስ» አደረገ ካለው ጋር አንድ ሥዕል እንደማይሰጥ ያውቃል። የኛ ተርጓሚ ለመጀመሪያው «ሰከነ»፥ «ረጋ»፥ «ጎደለ» እያለለት ወደ «ቀነሰ» የሚሮጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

ምክንያቱን ፈልገናል፤ አንዱን ያገኘነውም ይመስለናል። «ዲክሪስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሁለት መንገድ ያገለግላል። ዋጋው «ዲክሪስ» አደረገ ይባላል፤ ነጋዴው ዋጋውን «ዲክሪስ» አደረገም ይባላል። ከዐማርኛ ግሦች መካከል እንዲህ ያለ ጠባይ ካላቸው ጥቂቶች አንዱ «ቀነሰ» ነው። «ባለቤቱ ኪራዩን ቀነሰ» ስንል አድራጊ አለው፤ «ኪራዩ ቀነሰ» ስንል ግን አድራጊው ከመንገድ ጠፍቷል፥ የግሡ ቅርጽ ግን አልተለወጠም። ሌሎቹ ግሦቻችን እንዲህ አይደሉም። «ጎደለ» ካልን በኋላ አድራጊ ስናመጣ «አጎደለ» እንላለን። «ደረቀ» «አደረቀ» ይሆናል፥ «ሸሸ» «አሸሸ» ይሆናል፥ «ከሳ» «አከሳ» ይሆናል። ይህች አንዲት «አ» ሥራዋ ትልቅ ነው፤ ከነገሩ በስተጀርባ የቆመውን ሰው ታሳየናለች። «ቀነሰ» እርሷን ስለማይፈልግ ለተርጓሚ ይመቻል፥ ለሪፖርት ጸሐፊ ደግሞ ከመጠን በላይ ይመቻል። «ተቀነሰ» የሚል ቅርጽ እንኳ እያለ የሚመረጠው ባዶው «ቀነሰ» ነው።

አሁን ወደ ዱርቤቴ እንሂድ። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ አገሩ የበቆሎ፥ የዳጉሳና የጤፍ አገር ነው። ከሐይቁ ራቅ ትላለች፤ ሆኖም ወደ ቁንዝላ፥ ማለት ወደ ጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፥ የሚያደርሰው መንገድ ከዚያ ስለሚነሣ የገበሬውም የባሕረኛውም አነጋገር የሚገናኝባት ናት። ስለዚህ መርጠናታል። ከዚያ አካባቢ የመጡ ጓደኞቻችን እንግሊዝኛውን ትተው በየቤታቸው እንደሚነገረው እንዲነግሩን ባደረግን ጊዜ «ቀነሰ» የሚለው ቃል ከገንዘብና ከልክ ወዲያ ብዙ ቦታ አልነበረውም።

ላም ወተቷ ሲቆም ነጠፈች ትባላለች፤ ምንጭም እንዲሁ ነጠፈ ይባላል፥ ሁለቱም ሰጪዎች ናቸውና። ጥጃና ጫጩት ማደግ ሲሳናቸው ጫጩ ወይም ቀጨጩ ይባላል። ሰው ከሳ፥ ሕመሙ ሲበረታም መነመነ። ገመድ ሳሳ፥ ድምፅ ሰለለ፥ እሳት ከሰመ፥ ቍጣ በረደ፥ ዝናብ ጋብ አለ፥ ወጥ መጠጠ፥ ቆዳ ተኮማተረ። ዋጋ ወረደ ይባላል፤ ከወረደም በኋላ ረከሰ የሚባልበት ደረጃ አለ፥ «ረከሰ» ሲባል ደግሞ ሻጩን የሚያሳዝን አንድ የነውር ጥላ ያርፍበታል። ሰው በሰው ፊት ሲያንስ ተሸማቀቀ፥ ተሳቀቀ፥ አልፎም ኩምሽሽ አለ ይባላል። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ድሃ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ለጨርቅም ለተሸማቀቀ ሰውም «ሽሪንክ» የሚለውን አንዱን ቃል መስጠቱ ግን እውነት ነው። ለዚህም ነው ሁለቱን በአንድ መስመር የፈታ የቃላት ዝርዝር ተማሪውን የሚያሳስተው፤ ሸሚዝ አይሸማቀቅም፥ ሙሽራም አይጠብም።

ስለ መሬት ሲሆን ነገሩ ከዚህ ይልቅ ይጠልቃል። የአባት ማሳ ለልጆች ተከፋፍሎ የእያንዳንዱ ድርሻ ሲያንስ መሬቱ ጠበበ ይባላል። ያው መሬት ሳይጠብ፥ ድንበሩም ሳይነካ፥ እህሉን እየነሣ ሲሄድ ደግሞ መሬቱ ደከመ ይባላል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፥ አንዱ የፍርድና የሕግ፥ ሌላው የፍግና የማዳበሪያ ነገር ነውና። «የመሬት መቀነስ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ገበሬው ቢጠይቀው መልስ የሚኖረው አይመስለንም።

ልኩን ስለ መናገርም አንድ ነገር እንጨምር። እንግሊዝኛ ጥቂት ማነስንና ፈጽሞ ማለቅን ለመለየት ሌላ ቃል ማከል ግድ ይሆንበታል። ዐማርኛ ግን «አለ» በሚለው ረዳት ግሥና ፊደል በማለስለስ ወይም በማጥበቅ ይጨርሰዋል። ነጠፍ አለ ቢሉት ሊመለስ የሚችል ነው፤ ንጥፍ አለ ቢሉት ግን ተስፋ የለውም። ከሰም አለ እና ክስም አለም እንደዚሁ ናቸው። የሰዋስው መምህራኖቻችን ይህን ያውቁታል፤ የሚያሳዝነው በትርጉም ጊዜ ማንም የማይጠቀምበት መሆኑ ነው። «በመጠኑ የመቀነስ ሁኔታ አሳይቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ባየን ቁጥር፥ ቀነስ አለ ቢባል ምን ይጎድለው ነበር እንላለን።

አሁን ወደ ሐይቁ ደርሰናል፤ የክርክራችን ልብ ያለው እዚህ ነው።

በመጽሐፍ «የጣና ሐይቅ» ይባላል፤ በዳርቻው የሚኖረው ሰው የሚጠራው ግን ባሕር ብሎ ነው። ባሕር ዳር የሚለው የከተማው ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል። (ደጋው አገር ደግሞ ባሕር የሚለውን ቃል ሌላ ጊዜ የሚያገኘው ባሕር ዛፍ ሲል ነው፤ እርሱም ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው እንጂ ከጣና ጋር ዝምድና የለውም። አንዱ ባሕር ምንጭ ያስገኛል፥ የሌላው ባሕር ዛፍ ምንጭ ያነጥፋል ተብሎ ይከሰሳል።) የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ ከሁሉ ጠለቅ ያለው ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ዋናዎቹ ገባሮቹ ናቸው። ክረምት ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ ከዚያ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየወረደ በሰኔ ገደማ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ጥልቀቱ ጥቂት፥ ዳርቻውም ብዙ ስፍራ ላይ ሜዳማ ስለ ሆነ ውሃው አንድ ክንድ ሲወርድ ዳርቻው ብዙ እርምጃ ይርቃል።

ይህንንም ሕዝቡ ባሕሩ ሸሸ ይላል። ውሃው ለቆት የሄደውን እርጥብ መሬትም ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ ቃሉ በጥናት ወረቀቶች ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ገበሬው ባሕሩን እየተከተለ ያንን መሬት ያርሳል፥ እርጥበቱ ሳያልቅ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። ይህ ቃል እንዴት እንደ ተሠራ ልብ እንበል። ሰው ሠራሽ ማለት ሰው የሠራው ማለት እንደ ሆነ፥ ባሕር ሸሽም ባሕር የሸሸው፥ ማለት ባሕር ትቶት የሄደው ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ እርሻ «ሪሴሽን» የሚለውን ስም ከ«ሪሲድ» አውጥቶ ይሰጠዋል። ይህን ወደ ዐማርኛ የመለሱ አንዳንድ ወረቀቶች «ውሃ በቀነሰበት መሬት ላይ የሚካሄድ እርሻ» ብለውት አይተናል። ስድስት ቃል ለሁለት ቃል! ያውም ሁለቱ ቃላት በስፍራው ተቀምጠው እየጠበቁት።

መሸሽ የሚለው ግሥ ለውሃ መነገሩ የገበሬ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በመዝሙረ ዳዊት፥ በኛ አቆጣጠር በ113ኛው መዝሙር፥ እስራኤል ከግብፅ በወጣች ጊዜ ባሕር መሸሽዋ፥ ዮርዳኖስም ወደ ኋላ መመለሱ ተነግሯል፤ ግዕዙም የሚጠቀምበት ግሥ የሰው ሽሽት የሚነገርበትን «ጐየ» የሚለውን ነው። ዳዊት ሲደግም ያደገ የጣና ደሴት ቆሎ ተማሪ ባሕር ሸሸ ሲባል አይደነቅም። እንግዲህ ቃሉ ሁለት ወላጆች አሉት ማለት ይቻላል፥ ማረሻውና መጽሐፉ።

እስከዚህ ድረስ የሕዝቡን ቃል አመስግነናል። ነገር ግን ምስጋና ብቻ ትችት ስለማይሆን ወደ ሌላው ወገንም መመልከት ይገባናል። ሸሸ የሚለው ግሥ ፈቃድ ያለው ግሥ ነው። የሚሸሽ ነገር በገዛ እግሩ ይሸሻል። በየዓመቱ ለሚሆነው መሸሽ ይህ ደኅና ነው፤ ባሕሩ በኅዳር ይሄዳል፥ በነሐሴ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ግን ባሕሩ ያልሸሸበት፥ ሰው ያሸሸበት ዓመት ነበረ፤ ያን ጊዜ ይህም ቃል ከ«ቀነሰ» እምብዛም የማይሻል ሆኖ ተገኝቷል።

ታሪኩ እንደሚከተለው ነው። ከፏፏቴው አጠገብ ያለው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ኃይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ነበረ፤ የሚወስደውም ውሃ ያን ያህል አልነበረም። በ1996 እ.ኤ.አ. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ ግድብ በሁለት በር ተሠራ። በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት በሮች ተጨመሩለት፤ በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ሥራ ጀመረ። ከዚህ ወዲያ ሐይቁ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አልሆነም፤ በር የሚከፍትና የሚዘጋ እጅ ተጨመረበት። ቀጥሎ የመጣው ዝናብ ደካማ ሆነ፥ ማመንጫው ግን ውሃ ይፈልግ ነበር። በሰኔ 1995 ዓ.ም. (2003 እ.ኤ.አ.) የሐይቁ ወለል ልኩ ከተያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያልታየ ዝቅታ ላይ ደረሰ። መርከቦች ለመሄድ የሚያስፈልጋቸው ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር የሆነ ከፍታ ስለ ታጣ የሐይቅ ትራንስፖርት በዚያ ዓመት ለአራት ወር ያህል ተቋረጠ። ደንገል የበቀለበት ሰፊ ዳርቻ ደረቀ፤ ደንገሉ ደግሞ የታንኳ እንጨት ማለት ነው፥ የዓሣ መፈልፈያም ጥላ ነው። በተጋለጠው መሬት ላይም ገበሬው ማረሻውን ይዞ ገባ።

ስለዚህ ነገር በእንግሊዝኛ የተጻፉትን የመሐንዲሶች ወረቀቶች ያነበበ ሰው ሁለት ቃላት ተለይተው እንደሚሠሩ ያያል። ሐይቁ በዝናብ እጦት ሲወርድ «ሪሲድ» ወይም «ዲክላይን» ይላሉ። በር ተከፍቶ ውሃው ሲወሰድ ግን «ድሮው ዳውን» ይላሉ፤ ስቦ ማውረድ ማለት ነው፥ የሚስብ ከሌለ አይነገርም። እንግዲህ እንግሊዝኛው አድራጊውን በግሡ ውስጥ አስቀምጦት ሳለ፥ ሁለቱንም «የውሃ መጠን መቀነስ» ብሎ የተረጐመ ሰው ምን እንዳደረገ አንባቢ ይፍረድ። ክፉ አስቦ ነው አንልም። ይሁን እንጂ ታንኳውን ደረቅ ጭቃ ላይ ያገኘው ወይጦ፥ ወይም ጀልባ የጠበቀው መንገደኛ፥ ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅ «ውሃው ቀነሰ» የሚል መልስ ከተሰጠው ጥያቄውን የሚያቀርብበት በር ተዘጋበት ማለት ነው። «ውሃው ጎደለ» እንኳ ቢባል ማን አጎደለው? ብሎ መከተል ይችል ነበር። «ቀነሰ» ይህን ጥያቄ አይጋብዝም።

የድርቁን ድርሻ ለመካድ አይደለም። የሁለቱ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚመዝኑት የውሃ ሊቃውንት ናቸው። የኛ ድርሻ ሚዛኑ ሁለት ወጭት ሊኖረው እንደሚገባ መናገር ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ያለው ቋንቋ አንድ ወጭት ባለው ሚዛን ይመዝናልና። ለምሳሌ ያህል «በዚያ ዓመት ባሕሩ ሸሸ፤ በላዩም በጨረጨራ በር አጎደሉት» ብንል ነገሩ ከነሁለት እግሩ ይቆማል፥ ዐማርኛውም ዐማርኛ ነው። ጢስ እሳት ፏፏቴም አለ። ውሃው ወደ ማመንጫዎቹ ሲሄድ ፏፏቴው ቀጠነ፥ በበጋም ሳሳ። ጎብኚው «ቀነሰ» ቢል ይቅርታ ይደረግለታል፤ የአገሩ ሰው ግን ውሃው የት እንደ ሄደ ያውቃል።

መሸሽን ካነሣን ስለ ሰው ማፈግፈግም ጥቂት ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ በዚህ ረገድ ዐማርኛ ጥንቃቄ እንዳለው እናያለን። አፈገፈገ የሚለው ግሥ በድግግሞሽ የተሠራ እንደ መሆኑ ቀስ በቀስ፥ ፊትን ከጠላት ሳያዞሩ ወደ ኋላ ማለትን ያሳያል። ሸሸ ግን ጀርባን ይሰጣል። ስለዚህ ለ«ሪትሪት» ማፈግፈግ፥ ለ«ፍላይት» ሽሽት እያሉ መተርጐም ልክ ነው፤ ወታደሮች ስልታዊ ማፈግፈግ የሚሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ መሄዳቸው በዐማርኛ ሦስት ስም ተሰጥቶት እናገኛለን። ወዳጆቻቸው ስደት አሉት። ነቃፊዎቻቸው ሽሽት አሉት፤ ጉዞውን ከተቃወሙት አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። መሐል ሰፋሪው ደግሞ ጉዞ ብሎ ያልፋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ታሪክ የሚተረጕም ተማሪ ከሦስቱ አንዱን ሳይመርጥ አንድ መስመር መሄድ አይችልም፤ መረጠም ማለት ፈረደ ማለት ነው። በዚህ ቦታ ማንም ሰው ግድ የለሽ ሆኖ አይተረጕምም፥ ሁሉም ይጠነቀቃል። ለንጉሥ የተደረገው ጥንቃቄ ለሐይቅ ለምን ቀረ?

በኢኮኖሚ ቋንቋ የተሠራው ሥራ የሚመሰገንም የሚነቀፍም አለበት። «ሪሴሽን» የሚለውን መቀዛቀዝ ብለው የተረጐሙት ሰዎች ጥሩ አድርገዋል። ገበያ ይሞቃል፥ ይቀዘቅዛልና ቃሉ ሥር አለው፤ የላቲኑን «ወደ ኋላ መሄድ» እንዳለ ገልብጠው «የኢኮኖሚ መሸሽ» ቢሉት ኖሮ ማንም ባልገባው ነበር። ገንዘብ ማሸሽ የሚለውም እንዲሁ ጕልበተኛ ትርጉም ነው፤ «አ» ስለ ገባችበት ሌባው ከነገንዘቡ ይታያል። የሠራተኛ ቅነሳ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅነሳ ሲባል ቀናሽ መኖሩ ባይካድም፥ ሰው እንደ ዋጋ ሲቀነስ ጆሮ ይቆረቍራል፤ ድሮ ከሥራ ተሰናበተ ይባል ነበር፥ በዚያ ውስጥ ቢያንስ ስንብት አለ።

ስለ መዛግብተ ቃላት ጥቂት ቃል። የከሣቴ ብርሃን ተሠማ ሀብተ ሚካኤል መዝገብ (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ዐማርኛውን በዐማርኛ ስለሚፈቱ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ተማሪው ግን አይገልጣቸውም፥ ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ወደ ዐማርኛ የሚሄድ መንገድ ስለማያሳዩት። ያንን መንገድ የሚያሳዩት የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ እንግሊዝኛ ዐማርኛ መዝገበ ቃላት እንዲሁም የቮልፍ ሌስላው በዐረፍተ ነገር እያስገባ የሚፈታው መዝገብ ናቸው፤ ሁለቱም በ1973 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ከሁለቱ የሌስላው አሠራር ለኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅም ነው እንላለን፤ ቃልን ብቻውን ከመፍታት ይልቅ ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውን ስለሚያሳይ፥ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ከብዙ የዐማርኛ ቃላት ጋር እንደሚዛመድ ተማሪው በዓይኑ ያያል። የሚያሳዝነው በየክፍሉ የሚታደለው ወረቀት ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲቀዳ ዐረፍተ ነገሩ ይቀርና የመጀመሪያው ቃል ብቻ ይወሰዳል። ጥፋቱ የመዝገቡ ሳይሆን የቀጂው ነው።

እንግዲህ እኛስ ምን እናድርግ የሚል ጓደኛ ቢኖር፥ ለጊዜው የምንጠቀምበትን እናቅርብ፤ መምህራን ያርሙት። «ሪሲድ» ለውሃ ሲሆን መሸሽ ይበቃዋል። «ድሮው ዳውን» ማጉደል ይባል፥ «አ»ዋ እንዳትረሳ። «ዌን» ለጨረቃ መጉደል ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ሕፀፅ የሚሉት ግን የቍጥር ጉድለት ስለ ሆነ ከዚህ ጋር አይቀላቀል። «አቤይት» ለዝናብ ጋብ ማለት፥ ለቍጣ መብረድ ነው። «ድዊንድል» መመንመን ቢባል ከሥሩም ጋር ይስማማል። «ዲክሪስ» ከመቀነስ ጋር ይኑር፥ እርሱ ቤቱ ነው። «ኤብ» ለሚባለው የውቅያኖስ ውሃ መመለስ ግን ከጣና ቃል አንፈልግ፤ ጣና ላይ በየቀኑ የሚመጣና የሚሄድ የባሕር ማዕበል የለም፥ የሌለን ነገር ስም ፍለጋ የምፅዋን ሰው መጠየቅ ይሻላል።

አንድ ተቃውሞ ይቀርብብናል። የሳይንስ ቋንቋ ሥዕል የሌለው፥ ለሁሉ የሚሆን ቃል ይፈልጋል፤ «መሸሽ» የገበሬ ምሳሌ ነው፥ ለልክና ለቍጥር አይሆንም የሚሉ አሉ። መልሳችን አጭር ነው። «ሪሲድ»ም በላቲን ቋንቋ የእግረኛ ሰው ቃል ነበረ፤ ሥዕሉ የደበዘዘው ሰዎች ስለ ተጠቀሙበት ነው እንጂ ሲወለድ ጀምሮ የቤተ ሙከራ ልጅ አልነበረም። ደግሞም የኛ መሐንዲሶች ያለ እፍረት የሚጠቀሙበት አንድ የገበሬ ቃል አለ። ወንዝን ከመሄጃው መልሶ ወደ መስኖ ማግባትን ወንዝ መጥለፍ ይሉታል፥ ሥራውም ጠለፋ ይባላል፤ ጠለፋ ደግሞ በዚህ አገር ሌላ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቁንዝላ በኩል የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ዋሻ ወደ በለስ የሚያወርደውና 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ሥራ በእንግሊዝኛ ወረቀቶች «ዳይቨርዥን» ተብሎ ተጽፏል። በዐማርኛ «ጠለፋ» ቢባል ጠላፊ፥ ተጠላፊና የተጠለፈበት ስፍራ ሦስቱም በአንድ ቃል ይታያሉ፤ በዱርቤቴ በኩል ወደ ቁንዝላ የሚወርድ መንገደኛም ምን እንደ ተደረገ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።